ትሪ ይዛ የምትገባዋ ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን «እረኛዬ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ አየሁት። በአርትስ ቲቪ ሲተላለፍ ብዙው አምልጦኛል። ያን ጊዜ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነበር፣ ሪሞቱ በእኔ እጅ አይደለም። አሁን ማታ ማታ በስልኬ ከዩቲዩብ ላይ ጨረስኩት። ድርብወርቅ ሰይፉ እናናን ሆና ስትናገር የእናቴን ድምፅ የሰማሁ ነው የመሰለኝ። አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ ሰው አዳምጠው እንደጻፉት ያስታውቃል።

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ድራማዎች ስመለስ ግን ተናደድኩ። ስም አልጠራም፣ ብዙዎቹ ላይ ያለ ነገር ነው። ትልቅ ቪላ አለ። ባልና ሚስት ሳሎን ተቀምጠው ስለ ውርስ ይጨቃጨቃሉ። በሩ ይከፈትና አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ ጁስ በትሪ ይዛ ትገባለች፣ «እትዬ፣ ይኸው» ትላለች፣ ትወጣለች። አለቀ። ከየት መጣች? ስሟስ ማን ነው? ያን ሁሉ ክፍል እዚያ ቤት እያደረች አንድ ቀን ስትታመም አናይም። ቢበዛ ወሬ ታቀብላለች፣ ወይ በአነጋገሯ ይሳቅባታል። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው።

ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ሲጀምር የነበርኩበት ቤት «ጥቁር ፍቅር» የሚባለው የቱርክ ድራማ ከመጣ ሁሉም ሳሎን ይሰበሰባል፣ እኔም ኩሽና በር ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ አያለሁ። የኢስታንቡሏ ኤሊፍ ምን እንዳስለቀሳት አንድ በአንድ አውቃለሁ። የገዛ አገሬ ድራማ ላይ ያለችው የእኔ ቢጤ ግን ዓይኗ ለምን እንደቀላ የነገረኝ የለም።

ቡናውን እንኳ ተመልከቱ። ልጅቷ ሲኒ የተደረደረበትን ትሪ በአንድ እጇ አንስታ፣ ፊቷን ወደ ካሜራው አዙራ ትሄዳለች። ሲኒዎቹ ባዶ ናቸው ማለት ነው። ስድስት ሲኒ ሙሉ ቡና ይዞ እንግዳ ፊት የሄደ ሰው ዓይኑን ከሲኒው አይነቅልም፣ ትንፋሹን ሁሉ ይይዛል።

ታሪክ ጠፋ የሚሉ ደራሲዎች አሉ። መናኸሪያ ወርዳ ደላላ ቤት መሬት ላይ ያደረች ልጅስ? ተያዥ አጥታ ከሦስት ቤት የተመለሰችስ? የማታ ትምህርት ተፈቅዶላት፣ እነሱ እራት በልተው እስኪነሱ ስትጠብቅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ የሚያመልጣትስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 እንኳ እኛን አይጨምርም፣ ሌላ ደንብ ይወጣል ብሎ ነው ያለፈን። እኔ ከመጨረሻው ቤት የሁለት ወር ደመወዜን ሳልቀበል ነው የወጣሁት። የት ሄጄ ልክሰስ? በሩ ላይ ፌስታሌን ይዤ ቆሜ የማስበው ትንሿን ልጃቸውን ነበር፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳትን፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳልላት። ይሄ አንድ ክፍል አይወጣውም?

ደግሞ ሳሎን ውስጥ ከሚጮሁት ባልና ሚስት ይልቅ እሷ ብዙ ታውቃለች። አልጋቸውን የምታነጥፈው እሷ ናት። ማን ለብቻው እንደተኛ፣ ማን ሳይበላ እንዳደረ የምታውቀው እሷ ናት። ካሜራውን አንዴ ኩሽና አስገቡትና እዚያ ይቆይ።

ይህን ሚና የምትጫወቱ እህቶቼም አደራ። ገና ጽሑፉ ሲሰጣችሁ ዳይሬክተሩን «ስሜ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ