ስንት ጊጋ ነው ብቻ አትበሉን

ሰላም አዘጋጆች፣

ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተር ለሚገዙ ያወጣችሁትን ምክር እዚህ ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ አነበብኩት። የግራፊክስ ካርዱ (ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረው የኮምፒውተሩ ክፍል) ጊጋው፣ ማለትም የሜሞሪው መጠን፣ በበዛ ቁጥር ጉልበቱም ይበዛል ትላላችሁ። ኧረ አይደለም! እኔ በዚሁ አባባል ተበልቻለሁ።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ጎንደር ላይ ጥምቀት እንዳለፈ ሰርጉ ይደራረባል፣ እንቅልፍ የለም። አምና ለጥር ይድረስልኝ ብዬ ላፕቶፕ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ ዊንዶውሱ ላይ አንድ ገጽ ከፍቶ «ይኸው፣ 10 ጊጋ ግራፊክስ» አለኝ፤ እኔም ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ብቻ ነበርና ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ከስር ያለውን መስመር ሳነብ የካርዱ የራሱ ሜሞሪ 2 ጊጋ ነው። ቀሪው 8 ጊጋ ካስፈለገ ከራሙ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ዋና ሜሞሪ፣ ይበደራል ተብሎ የተደመረ ነው፤ ራሙ 16 ስለሆነ ግማሹ መሆኑ ነው። ሰውዬው አልዋሸም እንግዲህ፣ ቁጥሩ እዚያው ተጽፏል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስጎረጉር ከረምኩ። ጊጋው ዝም ብሎ የሚመረጥ ቁጥር አይደለም ለካ። የፋሲል ግቢ 12 በር አለው አይደል? ካርዱንም እንደዚያ አስቡት። ዋናው ቺፕ ከሜሞሪው ጋር የሚገናኝባቸው በሮች አሉት፣ የአንዱ በር ስፋት 32 ቢት ነው፣ በየበሩ አንድ የሜሞሪ ቺፕ ይቀመጣል። 192 ቢት ከተባለ 6 በር ማለት ነው። የሜሞሪ ቺፖቹ ደግሞ በተወሰነ መጠን ነው የሚመረቱት፣ በብዛት 1 ወይም 2 ጊጋ። ስለዚህ ባለ 6 በሩ በወጉ ወይ 6 ወይ 12 ጊጋ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኤንቪዲያ ኩባንያ ካርድ፣ አርቲኤክስ 3060፣ 12 ጊጋ የሆነው በዚህ ነው። በ2020 የወጣው 3080 ግን 10 በር፣ በየበሩ 1 ጊጋ፣ ድምሩ 10። በእናንተ ምክር ከሄድን ታናሹ ታላቁን በለጠው! 3080ው ግን በሰከንድ 760 ጊጋባይት ያመላልሳል፣ 3060ው 360።

አንድ በር ላይ ሁለት ቺፕ መደረብም አለ። የዚያው ኩባንያ 4060 ቲአይ ባለ 8ም ባለ 16ም ጊጋ አለው፣ ሁለቱም 4 በር ናቸው፣ ፍጥነታቸውም እኩል በሰከንድ 288 ጊጋባይት ነው። መጋዘኑ ሰፋ እንጂ በሩ አልሰፋም። አይጠቅምም አልልም፤ ሥራው 8 ውስጥ አልገባ ሲል 16ቱ ያድናል።

እና ሌላ ጊዜ ምክር ስታወጡ ከጊጋው ጎን ቢቱንም ጻፉልን፣ ሜሞሪው የካርዱ የራሱ ይሁን ከራም የተደመረም ንገሩን። እኔ ዘንድሮም እዚችው ላፕቶፕ ላይ ነኝ። የድሮን ቪዲዮ ስከፍትባት ቀጥ ትላለች፣ እኔም ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ።

የሰርግ ቪዲዮ ሠሪው፣ ከጎንደር