የቦርከና ሃይላንድ የውቅያኖስ ፕላስቲክ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

«ከውቅያኖስ ፕላስቲክ የተሠራ» የሚባሉ ቲሸርቶች፣ ቦርሳዎችና የሰዓት ማሰሪያዎች በየማኅበራዊ ሚዲያው ሲሸጡ የሚያዩ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች እኛም እንሥራ ማለታቸው ደግ ነው። ሥራውን ይጀምሩት፤ ስሙን ግን ይተዉት።

ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አቋርጦ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ክረምት ላይ ጎርፍ ጠራርጎ የሚወስደው ሃይላንድ ማረፊያው የጨፋ ረግረግና የመስኖ ቦይ ነው፣ ከብት የሚግጥበት ሣር ውስጥም ይቀራል። በዓለም ገበያ «ወደ ውቅያኖስ ሊገባ የነበረ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ዳርቻ 50 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ የተለቀመ ነው። እኛ ከባሕር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እንርቃለን። የውጮቹም ቢሆኑ አብዛኛውን የሚለቅሙት ከዳርቻና ከደሴት እንጂ ከጥልቁ ባሕር አይደለም፤ ፀሐይና ጨው የበላው ፕላስቲክ ለክር የሚሆን ጥንካሬ አይተርፈውም። ከባሕር ወጥቶ ልብስ የሚሆነው በዋናነት የዓሣ መረብ ነው። እሱም ናይሎን ስለሆነ በኬሚካል ፈርሶ እንደገና ይሠራል፤ ከሃይላንድ ጋር አንድ ማሽን ውስጥ አይገባም።

ሃይላንድ ፖሊስተር ነው። አሸናፊና ተሸናፊው የሚለየው ፋብሪካ ከመድረሱ በፊት፣ ልቅምና መለየት ላይ ነው። ክዳኑና አንገቱ ላይ የሚቀረው ቀለበት ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ግን ይሰምጣል። ስለዚህ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ተፈጭቶ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ ራሱ ይለያል። አስቸጋሪው ፒቪሲ የሚባለው፣ ለቧንቧም የሚሆነው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ እሱም ይሰምጣል፣ ሲያዩትም ይመሳሰላል። ፖሊስተሩ በ270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ፒቪሲው ያርራል፣ አሲድ ይለቃል፣ ጥቁር ነጥብ ይበትናል። በ1,000 ኪሎ ውስጥ 50 ግራም ብቻ ቢገባ እንኳ ክሩን ያበላሻል። መለያው ቀላል ነው፤ ሲታጠፍ መታጠፊያው ላይ ነጭ መስመር የሚያወጣውን ይጠርጥሩ። የመዳብ ሽቦ በእሳት አግለው ቁራጩን ይንኩበትና ሽቦውን መልሰው እሳት ላይ ያድርጉት፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፒቪሲ ነው። ይህ ደጅ ላይ፣ ንፋስ ባለበት ይሠራ።

ማጠቢያው ከ80 እስከ 85 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ሲሆን ከ1 እስከ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ይገባበታል። የልጣፉን ሙጫ የሚያላቅቀው እሱ ነው። በደንብ ካልታጠበ የቀረው ሶዳ ማድረቂያው ውስጥ ፕላስቲኩን ቢጫ ያደርገዋል፤ ብዙ ሰው ቢጫውን በጠርሙሱ ጥራት ያሳብባል። ቀጥሎ ያለው እርጥበት ነው። ከማቅለጥ በፊት በ160 ዲግሪ ገደማ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይደርቃል፣ እርጥበቱ ከሚሊዮን 50 እጅ በታች እስኪደርስ። ውሃ ከቀረ ፖሊስተሩ ሲቀልጥ ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፤ ክሩም እየተፈተለ ይቆረጣል። አሸዋም እንዲሁ ክር ይቆርጣል፤ ከጥጥ ጋር የሚቀላቀለው 1.4 ዴኒየር (የክር ቅጥነት መለኪያ) ክር ውፍረቱ 12 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ብቻ ስለሆነ 50 ማይክሮን የሆነች የቦርከና አሸዋ ከክሩ አራት እጥፍ ትወፍራለች። ለጀማሪ ረጅም ቀጣይ ክር ሳይሆን በ38 ሚሊ ሜትር የተቆራረጠ ፋይበር ይሻላል፤ ከጥጥ ጋር ስለሚፈተል ጉድለቱን ይሸፍናል።

ሒሳቡም አይጋነን። አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ 15 ግራም ቢመዝን፣ በክዳን፣ በልጣፍና በቆሻሻ ሩቡ ቢጠፋ፣ 160 ግራም ንጹሕ ፖሊስተር ቲሸርት 14 ገደማ ሃይላንድ ይፈልጋል። ግማሹ ጥጥ ከሆነ 7 ገደማ ይበቃል። «ከ100 ጠርሙስ የተሠራ ቲሸርት» ካያችሁ ሚዛን ጠይቁ። ደግሞም ይህ ልብስ በታጠበ ቁጥር እንደ ማንኛውም ፖሊስተር ደቃቅ ክር ይጥላል፤ እጣቢውም ተመልሶ ቦርከና ነው የሚገባው።

ፋብሪካ ለሌለው የልብስ ሰፊ ቤት ፌስታል ይቀላል። ፌስታልን የሚያግደው ሕግ በ2017 ዓ.ም. ቢጸድቅም በየቤቱ የተጠራቀመው አላለቀም። እጀታውንና ታችኛውን ስፌት ቆርጦ፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጎ ከ6 እስከ 8 ንብርብር መደረብ፤ ከላይና ከታች የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ማድረግ፤ መካከለኛ ሙቀት ያለው ካውያ ሳያቆሙ 15 ሰከንድ ማሻሸት፤ ገልብጦ መድገም። ጭስ ካለ ሙቀቱ በዝቷል፣ መስኮት ይከፈት። ጨርቁ ስለሚሸበሸብ ከልኩ አስፍቶ መቁረጥ፣ ትኩስ ሳለም ከባድ ነገር መጫን ያስፈልጋል። ስፌቱ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። ስፌቱ ካጠረ ቀዳዳው ይቀራረብና ቦርሳው እንደ ቴምብር ይቀደዳል፤ በ100 ቁጥር መርፌ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይርዘም። ስፒል አይሰካበት፣ ቀዳዳው አይደፈንም። የስፌት መኪናው እግር ጨርቁን እየያዘ ካስቸገረ ስስ ወረቀት ጣል አድርጎ ሰፍቶ መቅደድ ነው።

ልጣፉ ላይ «ከኮምቦልቻ ከተለቀመ ሃይላንድ፣ 50 በመቶ» ወይም «ከደሴ ፌስታል» ቢጻፍ ገዢው ይገባዋል። ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስቡ ደግሞ ግሎባል ሪሳይክልድ ስታንዳርድ የሚባለውን፣ ዕቃ ዳግም ከተሠራ ነገር መሠራቱን የሚያረጋግጠውን ዓለም አቀፍ መስፈርት ይመልከቱ። ለምዝገባ ቢያንስ 20 በመቶ፣ ምልክቱን ዕቃው ላይ ለመለጠፍ 50 በመቶ ዳግም የተሠራ ነገር ይጠይቃል፤ ቆሻሻው ከባሕር መምጣቱን ግን አይጠይቅም።

በጨርቃ ጨርቅና በፕላስቲክ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ኮምቦልቻ