ፍል ውኃ ስትገቡ አፍንጫችሁን ጠብቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ለወገቡም ለቁርጥማቱም እያልን ቤተሰብ ይዘን ፍል ውኃ እንወርዳለን። ደስ ይላል። ልጆቹ ግን ከሥር ጭቃ እየዛቁ ፊት ለፊት ሲረጫጩ በጣም እጨነቃለሁ።

ኔግለሪያ ፎውለሪ የምትባል በዓይን የማትታይ አሜባ አለች። ሙቅ የተፈጥሮ ውኃና አፈር ይስማማታል። ውኃውን ቢጠጡት አትይዝም። በአፍንጫ ከገባች ግን በማሽተቻው ነርቭ በኩል አንጎል ትደርሳለች። ሕመሙ ብርቅ ነው፤ ከተያዙት የሚተርፉት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዟ ባዝ ከተማ አንዲት ልጅ በዚሁ ሞታ ጥንታዊው የፍል ውኃ መዋኛ ተዘግቷል።

ኒውዚላንድ ውስጥ «ጭንቅላትዎን ውኃ ውስጥ አይንከሩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። እባካችሁ፣ እኛም ጋ ይለጠፍ! ፍል ውኃ በገባችሁ ሰሞን ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ከመጣ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ውኃ መግባታችሁንም ንገሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ