ከአዳራሹ ይልቅ ብራናው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አውሮፓ ጥንታዊ ቤተ መጻሕፍት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። የጣሪያና የመደርደሪያ ውበት እንጂ በመካከለኛው ዘመን በወርቅና በቀለም ያጌጡት ብራናዎች የት እንደሚታዩ አልተነገረም። ያማረ አዳራሽ ባለበት ሁሉ ብራናውም ተገልጦ የሚጠብቀን ይመስላል። እንደዚያ አይደለም።

የደብሊኑን ትሪኒቲ ኮሌጅ ውሰዱ። ሰው የሚጎርፈው ለኬልስ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ800 አካባቢ በጥጃ ብራና ላይ የተጻፈ፣ 340 ቅጠል ያለው ወንጌል። የሚታየው ግን በመስታወት ውስጥ የተገለጠው ገጽ ብቻ ነው፣ እሱም በየጊዜው ይቀየራል። ፎቶውን ያተማችሁት ረጅሙ አዳራሽ ደግሞ ለእድሳት ሲባል 200 ሺህ ያህል መጻሕፍት ወጥተውለታል፣ ስለዚህ የሞላ መደርደሪያ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ይሸወዳል። እዚያው ከተማ ያለው ቼስተር ቢቲ ሙዚየም ግን በነፃ ይገባል፤ ስብስቡ ውስጥ የፋርስም የአርመንም፣ የግዕዝም የእጅ ጽሑፎች አሉ። እሱን ለምን እንደዘለላችሁት አልገባኝም!

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን መጀመሪያ የምልከው ወደ ስዊዘርላንዱ የሴንት ጋለን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ነው። 2,100 ገደማ የእጅ ጽሑፎች አሉት፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በአየርላንድ ሠዓሊዎች ስልት ያጌጠ ወንጌልም ከእነሱ አንዱ ነው። ወለሉ እንዳይጫር ከጫማችሁ በላይ የሱፍ ነጠላ ጫማ ታጠልቃላችሁ (ልጆች ሲንሸራተቱበት ደስ ይላቸዋል)፣ ከዚያ በየተራ የሚወጡትን ብራናዎች በሣጥኖቻቸው ላይ ጎንበስ ብላችሁ ታያላችሁ። የማይወጡትም ብዙዎቹ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስተው ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ።

ጣሊያን ውስጥ ቼዜና ከተማ ያለው ማላቴስቲያና ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1454 ተከፈተ፣ መጻሕፍቱ ዛሬም እንደዚያን ጊዜው በንባብ አግዳሚዎቹ ላይ በሰንሰለት ታስረዋል። ቱሪስቱ ወደ ፍሎረንስ ሲሮጥ ይህን ያልፈዋል፤ ያሳዝናል።

ክፍሎቹ ጨለም ማለታቸውን እንደ ንፍገት አትዩት። ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል፤ ለዚህ ነው መብራቱ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ላይ፣ ማለትም ደብዘዝ ብሎ የሚያዘው፣ ብራናዎቹም ከወራት በኋላ ተነስተው እንዲያርፉ የሚደረገው። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት «ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው ወይ?» ብቻ አይደለም፣ «የምፈልገው ብራና በዚያ ወር ይወጣል ወይ?» የሚለውም ነው። የፈረንሳዩ ሻንቲዪ ቤተ መንግሥት ያለው የቤሪው መስፍን የጸሎት መጽሐፍ ለምሳሌ ከስንት አንዴ ነው ለሕዝብ የሚወጣው።

በሚቀጥለው ጊዜ ከአዳራሾቹ ፎቶ ጎን እንዲህ ያለውን መረጃ ብታወጡልን።

አንባቢያችሁ