ለደንበኞቻችን፦ ከኮምፒውተራችሁ መግቢያ ላይ ስለተወገደው ፎቶ

ሰላም ለናንተ ይሁን ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ይሄን የምጽፈው ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ደውላችሁም በአካል መጥታችሁም ስለተቆጣችሁን ነው። ላፕቶፓችሁን ለጥገና ወይም ዊንዶው 11 ለማስጫን እኛ ጋር ትታችሁ ሄዳችሁ፣ ወስዳችሁ ቤት ስትከፍቱት ፓስወርድ የምታስገቡበት ገጽ ላይ የነበረው ፎቶ የለም፣ የልጃችሁ ቢሆን፣ የሰርጋችሁ ቢሆን፣ የመስሪያ ቤታችሁ ሎጎ ቢሆን፣ በሱ ፋንታ ዊንዶው ራሱ ይዞት የሚመጣው ስዕል ቁጭ ብሏል። ሳንነግራችሁ ነው ያነሳነው። መንገር ነበረብን፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አብረውኝ የሚሰሩት ልጆች ያዘዝኳቸውን ነው የሰሩት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ግን ለምን እንዳነሳሁት ደግሞ ስሙኝ። "ድሮ በነጻ የሚሰራልንን አሁን በብር ሊሸጥልን ነው" ተባለ የሚል ነገር ጆሮዬ ደርሶ፣ እውነት ለመናገር እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ሌላ ሌላውን ብትሉኝ እችለዋለሁ፣ ይሄ ግን አመመኝ።

ይሄን ቤት የከፈትኩት በ2001 ዓ.ም. ነው፣ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብየዳ ካውያ፣ ከዘመድ የተዋስኩት አንድ ሞኒተር፣ ሌላ ምንም የለኝም። ያኔ ኮምፒውተር ቤቱ ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ሳጥኑን ጋሪ ላይ ጭነው ሞኒተሩን እቅፍ አድርገው ነው የሚመጡት። ሁሉም ዊንዶው ኤክስፒ ነው፣ ሁሉም ሲከፈት ያው ሰማያዊ መግቢያ ነው። አንድ አባት የልጁን የክርስትና ፎቶ በፖስታ ይዞ መጣ፣ እንዳይጠፋ ስካን አድርግልኝ ብሎ። ፎርማት ስለሚደረግ (ተጠርጎ ዊንዶው እንደ አዲስ ስለሚጫንበት) ኮምፒውተሩም እኔ ጋር ነበር፣ ሳልነግረው ፎቶውን መግቢያው ላይ አደረግኩለት። መጥቶ ሲያበራው ዝም አለ። ከዛ በመዳፉ ስክሪኑን ጠረግ ጠረግ አደረገው፣ አቧራ እንኳን አልነበረውም። ያ ሕጻን ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፣ ላፕቶፑን የሚያመጣው እኛው ጋር ነው።

ከዛ በኋላ ነው እንግዲህ ልማድ የሆነው። ፎርማት ያስደረገ ሁሉ "ፎቶዬን አድርግልኛ" ይላል፣ እኛም እናደርጋለን፣ አንድም ቀን ለሱ ብር ተቀብዬ አላውቅም። ይሄን የምታውቁ ምስክሮቼ እናንተው ናችሁ።

ዊንዶው 7 ሲመጣ ደግሞ ስራው ጥሩ ሆነ፣ ምክንያቱም ዊንዶው ራሱ ለኮምፒውተር አምራቾች ብሎ የተወው በር ነበረ። ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶው ማስተካከያ መዝገብ ውስጥ አንዲት ዜሮ ወደ አንድ ትቀየራለች፣ ፎቶው የዊንዶው የራሱ ፋይሎች ባሉበት ሲስተም 32 ውስጥ ባለ ፎልደር በተወሰነለት ስም ይቀመጣል፣ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ ፎቶው ከ256 ኪሎባይት መብለጥ የለበትም፣ ከበለጠ ዊንዶው ምንም ሳይናገር የድሮውን ስዕል ያሳያችኋል። ፎቶ ቤት የተነሳ የሰርግ ፎቶ ደግሞ አራት አምስት ሜጋባይት ነው። ስለዚህ እያሳነስኩ አያለሁ፣ ፊት ሲደበዝዝ እመለሳለሁ፣ ትንሽ ከፍ አድርጌ እንደገና አያለሁ፣ የሙሽራዋ አይን ጥርት ብሎ እስኪታይ ሦስት አራት ጊዜ እሞክራለሁ። ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ የምሰራው ስራ ነበር፣ እወደውም ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዊንዶው 10 ጋር ነው። እሱ ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲወጣ የመግቢያው ስዕል እንደ ድሮው ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ፎቶ መሆኑ ቀረና የሲስተም ፋይል ውስጥ ተጠቅጥቆ ተዘጋ። እሱን ለመቀየር ፋይሉን ከዊንዶው እጅ በግድ ነጥቆ፣ ከፍቶ፣ ፎቶውን ከቶ መመለስ ነው፣ ይሄን የሚሰሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ከኢንተርኔት ይገኛሉ፣ እኛም በነሱ ነበር የምንሰራው። በዓመቱ በመጣው አፕዴት ዊንዶው ራሱ ፈቀደ፣ ሎክ ስክሪን (ፓስወርድ ከመጻፋችሁ በፊት የሚታየው ገጽ) ላይ ያደረጋችሁት ፎቶ ፓስወርድ ገጹም ላይ እንዲታይ የምታበሩት ነገር ሴቲንግ ውስጥ ገባ። "ታዲያ ያኔውኑ ለምን በሱ አላደረጋችሁም?" ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን ብዙዎቻችሁ የምትይዙት ዊንዶው አክቲቬት ያልሆነ (ላይሰንሱ ማለትም ሕጋዊ ፈቃዱ ያልተረጋገጠ) ነው፣ አክቲቬት ካልሆነ ደግሞ ያ ገጽ ይቆለፋል፣ አይነካም። ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች ደግሞ አንዱን ኮምፒውተር አምስት ሰው በየራሱ አካውንት ነው የሚገባበት፣ የሴቲንጉ ፎቶ የሚከተለው ሰውየውን ነው፣ ሁሉም ጋር አንድ ሎጎ በፖሊሲ (ለሁሉም አካውንት በሚሰራ ትእዛዝ) ለማስገደድ ኢንተርፕራይዝ ወይም ኤዱኬሽን የሚባለው ዊንዶው ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ደንበኛ "አይቻልም" ብዬ መመለስ አልችልበትም፣ ስለዚህ በአቋራጩ ቀጠልኩ።

አቋራጩ ምን እንዳመጣ ልንገራችሁ። ጥቅምት ላይ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት መምህርት ደወለችልኝ፣ ለብዙ ዓመት ደንበኛችን ናት። ጠዋት የማስተርሷ ዲፌንስ ነው፣ ላፕቶፑ አፕዴት አደረገና ተነስቶ ሲመጣ ጥቁር ስክሪን፣ መሃሉ ላይ የማውዟ ቀስት ብቻ፣ ፓስወርድ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ፍላሼን ይዤ በባጃጅ አቶቴ ሰፈር ሄድኩ። ባሏ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እሷ ጠረጴዛው ጋር ቁጭ ብላ ያንን ጥቁር ስክሪን ታያለች፣ ስላይዱ ሌላ ቦታ አልተገለበጠም። በፍላሽ አስነስቼ፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር ገጽ ገብቼ ስፈልግ ስፈልግ ያገኘሁት ምን መሰላችሁ፣ የመግቢያውን ፋይል ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሁለት ልጆቿን ፎቶ ለማስገባት በገዛ እጄ የቀየርኩትን። አዲሱ አፕዴት ሲገባ ከሱ ጋር አልተስማማም። ኦሪጅናሉን ስመልሰው ተከፈተ፣ ያኔ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሴትየዋ እጄን ይዛ ስታመሰግነኝ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ፣ ምክንያቱም የምታመሰግነው ያበላሸባትን ሰው ነው። እዛው ነገርኳት። "ይሁን፣ ደርሰህልኛል" አለችኝ። ስለማልቀበል እንጂ ብርም ልትሰጠኝ ነበር።

በማግስቱ ለልጆቹ ነገርኳቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የሚገባ ኮምፒውተር ሁሉ ለምንም ጉዳይ ይምጣ መጀመሪያ የመግቢያው ፋይል ወደ ኦሪጅናሉ ይመለስ፣ ሳይመለስ እንዳይወጣ። ያነሳነው በዚህ ነው። የዊንዶው 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ያን ሰሞን ወደ 11 አሻግሩን የሚል ሰው በዝቶ ነበር፣ በቀን አስር አስራ አምስት ላፕቶፕ ይገባል፣ ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ማስረዳት ሲገባኝ ስራው ዋጠኝ።

ሌላም አለ። እነዛ ፎቶ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ሲጫኑ አንቲቫይረሱ ይጮሃል፣ አንቲቫይረሱን አጥፍተን ነበር የምንጭናቸው፣ ማን እንደጻፋቸው አላውቅም፣ ውስጣቸው ምን እንዳለም ልምልላችሁ አልችልም። በ2003 እና 2004 ላይ ኮምፒውተር ማለት ፊልም ማያና ጽሑፍ መጻፊያ ነበር፣ ዛሬ ግን የባንክ ሂሳባችሁ፣ የድርጅታችሁ ሰነድ፣ የደንበኞቻችሁ ስም ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። የማላውቀውን ነገር ፓስወርድ የምትጽፉበት በር ላይ ተክዬ ገንዘባችሁን ተቀብዬ መሸኘት ከእንግዲህ አልችልም።

አሁን ስለ 200 ብሩ። አዎ፣ አዲስ ፎቶ ለሚያስደርግ 200 ብር ጀምረናል። ቅር ያላችሁ ይገባኛል። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ነገር ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ወዲያው በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፎ ሄደ፣ እኛ የምንሸጠው ደግሞ ሁሉም ነገር ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ቻርጀሩ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲው፣ ኪቦርዱ፣ የምንበይድበት ሊድ ሳይቀር። የቤት ኪራዩ በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሁለቱ ልጆች አሉ፣ አንዱ እኔ ጋር ሲመጣ ገና አስረኛ ክፍል ነበር፣ ዛሬ ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ የድሮ ደሞዙን ብሰጠው ምን ይበላበታል። ለፎርማት የጨመርኩት ከጎረቤት ሱቆች ሁሉ በመጨረሻ ነው፣ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ "አንተ ሰውዬ ጨምር እንጂ ትዘጋለህ" ብላችሁኛል። ፎቶ አሳምሮ፣ ቆርጦ፣ ስልክ ጽፎበት መስጠት አንድ ሰዓት የሚወስድ ስራ ነው። ድሮ ማታ ማታ እሰራው ነበር፣ አሁን አይኔም እንደ ድሮው አይደለም።

ስልክ ጽፎበት ያልኩት እንዲህ ነው። አሁን ሎክ ስክሪኑ ላይ ፎቶውን ስናደርግ የምትፈልጉ ከሆነ ከታች በኩል "ይህን ላፕቶፕ ካገኙ በዚህ ይደውሉ" ብለን ስልካችሁን እዛው ምስሉ ላይ እንጽፋለን። አምና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ባጃጅ ውስጥ ረስቶ ወረደ፣ ሹፌሩ የማን ይሆን ብሎ ሲከፍተው ቁጥሩን አየ፣ ከመሸ በኋላ ነው ይዞለት የመጣው። ልጁ ከነሹፌሩ እኛ ጋር መጥተው ቡና ጠጥተናል። ለዚህ የሲስተም ፋይል መንካት አያስፈልግም፣ ተራ ምስል ነው።

ደግሞ ራሳችሁ ማድረግ የምትችሉትን እኔ ጋር ካልመጣችሁ አልልም። ሴቲንግ ውስጥ ፐርሰናላይዜሽን ግቡ፣ ሎክ ስክሪን የሚለውን ክፈቱ፣ ፒክቸር ብላችሁ ፎቷችሁን ምረጡ፣ እዛው ገጽ ላይ የሎክ ስክሪኑን ምስል ሳይን ኢን ገጹም ላይ አሳይ የሚለውን አብሩ። ፓስወርድ ስትጽፉ ፎቶው ደብዘዝ ካለባችሁ ደንግጣችሁ አትደውሉልኝ፣ ከፈረንጆቹ 2019 ጀምሮ ዊንዶው ሆን ብሎ ነው የሚያደበዝዘው፣ ፐርሰናላይዜሽን ውስጥ ከለርስ የሚለው ጋር ትራንስፓረንሲ የሚለውን ስታጠፉት ይጠራል። ስክሪናችሁ ታች ቀኝ ጥግ ላይ አክቲቬት ዊንዶውስ የሚል ጽሑፍ ካለ ግን ገጹ ተቆልፎባችኋል፣ መፍትሄው ትክክለኛ ላይሰንስ ነው። እሱ በዶላር ነው የሚታሰበው፣ ውድ ነው፣ እኔ አላስገድድም፣ ክራክ (ያለ ላይሰንስ አክቲቬት የሚያደርግ ፕሮግራም) ግን ከእንግዲህ አልጭንም። በዚህ የምትቀየሙኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ አካባቢ ጽሑፍ የሚጽፉ እናት መጡ። ምንም አልተናገሩም፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ከፈቱትና ወደኔ አዞሩት። እሳቸው ጋር የነበረው የባለቤታቸው ፎቶ ነው፣ ካረፉ አምስት ዓመታቸው። "ጠዋት ጠዋት ስራ ስጀምር ነበር የማየው" አሉኝ። ምን እላለሁ። ወንበር ሰጥቼ፣ ሻይ አስመጥቼ፣ ፎቶውን ከኛ ሀርድ ዲስክ ፈልጌ እዛው ቁጭ ብለው እያዩ በትክክለኛው መንገድ መለስኩላቸው። ሲነሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ፣ ተቀይመው ይሁን ታርቀውኝ አላወቅኩም።

ስለዚህ የማንም ፎቶ አልጠፋም። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የሰራንላችሁ በሙሉ በስማችሁ ፎልደር ተከፍቶለት ተቀምጧል፣ እንዲጠፋ የምትፈልጉም ካላችሁ ንገሩን እናጠፋዋለን። እኛ ያነሳንባችሁ ሁሉ ምንም ሳትከፍሉ እንመልስላችኋለን፣ 200 ብሩ ለአዲስ ብቻ ነው፣ የትምህርት ቤቶችንና የቢሮዎችን ጉዳይ በአካል መጥቼ አይቼ እነግራችኋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ጀምሮ ክፍት ነን፣ ያው የድሮው ቦታ ነን፣ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ኑ፣ ተቆጥታችሁም ቢሆን ኑ።

አክባሪያችሁ፣
የፒያሳው ኮምፒውተር ጥገና ቤት ባለቤት
ሐዋሳ