ለቅዳሜው ሴሚናር ለምትመጡ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 2:30 ስታዲየም አካባቢ በተነገራችሁ አዳራሽ እንገናኝ። በከተማው ቀላል ባቡር ብትመጡ ይሻላል፤ ሁለቱም መስመሮች ስታዲየም ጣቢያ ይቆማሉ።

እንደተለመደው የላቦራቶሪ ዕቃ አቅራቢ ድርጅቶች ደጃፉ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው እስክሪብቶ፣ አጀንዳና ቲሸርት ያድላሉ። ውሰዱ፣ ነውር የለውም። ግን ገለጻ እየተሰጠ ለቲሸርት ወጥቶ መሰለፍ ይቅርብን። ገለጻ የሚሰጠውን ሰው ያስከፋል፣ እኛንም ያስገምተናል።

ፍላሽ ከተሰጣችሁ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰኩት። በ2010 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ፣ ያውም በኮምፒውተር ደህንነት ጉባኤ ላይ፣ የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ያደላቸው ፍላሾች ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል። መጀመሪያ ለአይቲ ክፍል አሳዩ።

ከስጦታው ይልቅ ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። የሚሸጡት የምርመራ ማሽን የሌላ አምራች ሪኤጀንት (ለምርመራ የሚያስፈልገውን ኬሚካል) ይቀበላል ወይስ የራሱን ብቻ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው አዲስ አበባ ውስጥ አለ? ሪኤጀንት አጥቶ አቧራ የጠጣ ማሽን ስንቶቻችን ቤት አለ! መልሱን እዚያው በተሰጣችሁ አጀንዳ ላይ ጻፉት፤ የባለሙያውንም ስልክ ተቀበሉ።

ክፍለ ሀገር ላሉና መምጣት ላልቻሉ ባልደረቦቻችንም ካታሎግ ያዙላቸው።