የኬሚስትሪ ክበብ፦ ቡና፣ ሽምብራና ጨው

ዘንድሮ የኬሚስትሪ ክበባችን ከጨው ጋር ነው የከረመው። ጥያቄና መልስ አዘጋጅተናል፣ ሳሙናም ሠርተናል። አብዛኛውን ሐሙስ ከሰዓት የወሰደብን ግን አዮኒክ ቦንድ፣ ማለትም ጨው ውስጥ ሶዲየምንና ክሎሪንን የሚያያይዘው ትስስር ነው።

የጀመርነው በጥሬ ቡና ነው። ጅማ ላይ መቼም ቡና አይታጣም። ካርቶን ላይ ክብ ክብ ሠርተን ፍሬዎቹን በኤሌክትሮን ፋንታ ደረደርን። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲቆጠር ሶዲየም 2፣ 8፣ 1። ክሎሪን 2፣ 8፣ 7። ከሶዲየም ዳር ያለችው አንዲት ፍሬ፣ ማለትም ቫለንስ ኤሌክትሮኗ፣ ወደ ክሎሪን ስትሻገር ሁለቱም ዳራቸው ላይ 8 ይኖራቸዋል። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው። ማግኒዥየምና ኦክስጅንን ራሳቸው ሠሩት፤ እዚያ የሚሻገረው ሁለት ፍሬ ነው።

ከዚያ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ካርቶኑን ትኩር ብላ አየችና «ቲቸር፣ ፍሬዋ ከተሻገረች በኋላ ምንድን ነው አንድ ላይ የሚይዛቸው?» አለችኝ።

የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው። ብዙዎቻችን «ሶዲየም ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል» ብለን እናልፋለን። መስጠትና መቀበሉ ግን ቦንዱ አይደለም። የሰጠው ፖዘቲቭ፣ የተቀበለው ኔጌቲቭ አዮን (ቻርጅ ያለው አተም) ይሆናል፤ ቦንዱ የሁለቱ መሳሳብ ነው። መሳሳቡም በሁሉም አቅጣጫ ነው። ጨው ውስጥ አንዱን የሶዲየም አዮን 6 የክሎራይድ (ኤሌክትሮን የተቀበለ ክሎሪን) አዮኖች ይከቡታል፤ አንዱን ክሎራይድም እንዲሁ 6 ሶዲየም። ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈልገው ይህን ሁሉ መሳሳብ ማላላት ስላለበት ነው።

ይህን በቡና ማሳየት አልቻልንም። ስለዚህ ሽምብራና ባቄላ ዘፍዝፈን አሳደርን። ሽምብራው ሶዲየም፣ ተለቅ ያለው ባቄላ ክሎራይድ ሆነ። በስቴኪኒ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች እየሰካን ቀጠልን።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ሞከርን። ሁለት የእርሳስ ጫፎች ከሽቦ ጋር አስረን ደረቅ ጨው ውስጥ ሰካን፤ አምፑሏ ዝም። አዮኖቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉማ። ጨዉን ውኃ ውስጥ ስናሟሟው በሁለት ባትሪ ድንጋይ አሁንም እምቢ አለ። አራት ስናደርገው ትንሿ ቀይ አምፑል ቦግ! ሁሉም ጮኸ። በእርሳሶቹ ጫፍ አረፋ ተነሳ፣ በረኪና በረኪና ሸተተን። ክሎሪን ነው። መስኮቱን ከፍተን ቶሎ ነቀልነው።

የሽምብራው ሞዴል ላብራቶሪው መደርደሪያ ላይ አለ። እህሉ ሲደርቅ ስቴኪኒውን ጭብጥ አድርጎ ይዞታል።